ደብዳቤ ለልጄ፦ የምርምር ገንዘብ በማግስቱ አይቆጠርም

የኔ ልጅ እንዴት ነሽልኝ? የላክሽልኝን ቻርት አየሁት፣ ደጋግሜ ነው ያየሁት። አገራት ለሪሰርች የሚያወጡትን ከጂዲፒያቸው (ከጠቅላላ ዓመታዊ ምርታቸው) በፐርሰንት በአንድ በኩል፣ የዛኑ ዓመት የምርታማነት እድገታቸውን ደግሞ በሌላ በኩል አድርገሽ ነጥብ ነጥብ አስቀምጠሻል፣ ነጥቦቹም እዚም እዛም ተበታትነው ቀርተዋል። ከስሩ "ስለዚህ ለምርምር ብዙ ማውጣት አገር አያሳድግም፣ ደሃ አገር ሌላው የፈጠረውን ኮፒ ቢያደርግ ይሻለዋል" ብለሽ ጽፈሻል። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፣ ድምዳሜው ላይ ግን በፍጹም አልስማማም። ደግሞ ይሄ ያንቺ ፔፐር ላይ ብቻ ያለ ነገር ቢሆን ምንም አልነበረም፣ የትም አገር የምርምር በጀት ሊቆረጥ ሲል መጀመሪያ የሚመዘዘው ክርክር እሱ ስለሆነ ነው ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝ። ከረዘመብሽ ታገሺኝ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።)

ምርታማነት ማለት በቃ አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ስራ ምን ያህል ያመርታል ማለት ነው። በዓመት 1 ፐርሰንት ካደገ እጥፍ ለመሆን 70 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፣ 2 ፐርሰንት ካደገ 35፣ 3 ከሆነ ደግሞ 24 እንኳ አይሞላም። ወረቀት ላይ ስታይው አንድ ፐርሰንት ምን አላት ትያለሽ፣ ግን ሆስፒታሉም ትምህርት ቤቱም ጡረታውም ደሞዙም የሚሻሻለው በዛችው አንድ ፐርሰንት ነው፣ ሰው ከእናት ከአባቱ ተሽሎ ይኑር አይኑር የምትወስነው እሷ ናት። እና ከየት ነው የምትመጣው? ኢኮኖሚስቱ ሮበርት ሶሎው በ1957 የአሜሪካን ከ1909 እስከ 1949 ያለውን ዳታ ይዞ ሲያሰላ በሰዓት የሚመረተው ነገር እጥፍ ገደማ ሆኖ አገኘው፣ ከዛ እድገት ውስጥ ግን ማሽንና ህንጻ በመጨመሩ የመጣው ከስምንት አንዱ ብቻ ነበር። ሰባቱ እጅ ከሌላ ቦታ ነው የመጣው፣ እሱ ቴክኒካዊ ለውጥ ብሎ ጠራው፣ ሌላው ኢኮኖሚስት ሞሰስ አብራሞቪትዝ ግን ከሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ይሄን መሰሉን ሳይብራራ የቀረ እጅ የድንቁርናችን መለኪያ ነው ብሎት ነበር። እኔ ይሄን አባባል እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ከዛ ወዲህ ያለው የዘርፉ ጥናት ባብዛኛው እነዛን ሰባት እጆች ለመረዳት የተደረገ ትግል ነው።

ኢኮኖሚስቱ ፖል ሮመር በ1990 ያመጣው ነገር እዚህ ጋር ነው የሚገባው። አንድ ትራክተር እዚህ ማሳ ላይ እያረሰ እዛኛው ላይ ሊያርስ አይችልም፣ ሃሳብ ግን ይችላል። ኦ አር ኤስን ውሰጂ፣ በተቅማጥ ውሃ ላለቀበት ህጻን የሚሰጠውን። በ1960ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ዳካና ካልካታ የነበሩ ተመራማሪዎች ስኳርና ጨው በትክክለኛው መጠን ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ ሲጠጣ አንጀት ውሃውን መልሶ እንደሚስብ በበሽተኞች ላይ አረጋገጡ፣ ከዛ በኋላ ያንን መጠን አንዱ አገር ስለተጠቀመበት ለሌላው አላነሰም፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ህጻናት ድነውበታል። ምርምሩን የከፈለው ምን አተረፈ ብለሽ በገንዘብ ብትቆጥሪ ምንም ማለት ይቻላል። ዊሊያም ኖርድሃውስም የአሜሪካን ከ1948 እስከ 2001 አይቶ ፈጠራ ካመጣው ጥቅም የፈጣሪዎቹ ኪስ የገባው 2.2 ፐርሰንት ገደማ ብቻ ነው ብሏል፣ የቀረው ዋጋ እየረከሰ እቃው እየተሻለ ለተጠቃሚው ነው የሄደው።

እንግዲህ ቻርትሽ ላይ የተፈጠረውን አስቢው። ገንዘቡ አንዱ አገር ነጥብ ላይ ይቆጠራል፣ ጥቅሙ ደግሞ ድንበር ተሻግሮ ሌላው አገር ነጥብ ላይ ይወጣል። ዴቪድ ኮ እና ኤልሃናን ሄልፕማን በ1995 የ22 አገራት ዳታ ይዘው ያሳዩት ይሄንኑ ነው፣ የአንድ አገር ምርታማነት እቃ በሚያስገባባቸው አገራት ሪሰርች ጭምር ያድጋል፣ ለትንንሽ አገራት ደግሞ የውጪው ቢያንስ የራሳቸውን ያህል ይጠቅማቸዋል። ይኸው እኔም ያልኩት እሱን ነው፣ ኮፒ ማድረግ ይሻላል ብለሽ ልትይዢኝ ነው አይደል፣ ቆይ እደርስበታለሁ።

ከዛ በፊት ግን የጊዜው ነገር አለ፣ እኔ ከሁሉም በላይ እሱ ነው የሚያሳስበኝ። ኤዲሰን ኒውዮርክ ላይ ፐርል ስትሪት የሚባለውን ማመንጫ የከፈተው በ1882 ነው፣ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ምርታማነት በደንብ የፈነዳው ግን በ1920ዎቹ ነው። አርባ ዓመት! ለምን መሰለሽ፣ በእንፋሎቱ ጊዜ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ትልቅ ሞተር ነበር፣ እሱ ጣሪያው ስር ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ የብረት ዘንግ ያዞራል፣ ከዘንጉ ላይ የቆዳ ቺንጋ እየወረደ እያንዳንዱን ማሽን ያሽከረክራል። ማሽን የሚቀመጠው ስራው በሚፈልገው ቅደም ተከተል ሳይሆን ለዘንጉ በሚቀርብበት ቦታ ነው፣ ህንጻውም ፎቅ በፎቅ የሚሆነው ኃይሉን ቅርብ ለቅርብ ለማድረስ ነው፣ ዘንጉ ሲቆም ሁሉም ይቆማል። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ባለፋብሪካዎቹ ምን አደረጉ፣ የእንፋሎቱን ሞተር አውጥተው በቦታው አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ሞተር ተከሉ፣ ዘንጉም ቺንጋውም እንዳለ ቀጠለ። በዚህ መልኩ ብዙ ለውጥ አይመጣም። ለውጡ የመጣው እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ትንሽ ሞተር ሲገጠምለት፣ ፎቁ ቀርቶ ሰፊ ባለ አንድ ወለል ፋብሪካ ሲሰራና እቃው ከአንዱ ማሽን ወደ ቀጣዩ በስርዓት ሲሄድ ነው፣ ለዛ ደግሞ አሮጌው ህንጻ እስኪያረጅ፣ መሃንዲሱም አዲስ አሰራር እስኪማር መጠበቅ ነበረበት። የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪው ፖል ዴቪድ ይሄን ታሪክ በ1990 የጻፈው ሰው ሁሉ ኮምፒውተር ምን ጠቀመ እያለ በሚጠይቅበት ሰዓት ነው፣ ያው ሶሎው ራሱ በ1987 ኮምፒውተር የሌለበት ቦታ የለም፣ ምርታማነቱ ቁጥር ላይ ግን አይታይም ብሎ ነበር። ከ1995 ጀምሮ ለአስር ዓመት ገደማ የአሜሪካ ምርታማነት ሲነሳ ታየ። አንቺ ደግሞ የ2010ን ወጪ ከ2010 እድገት ጋር አስተያይተሽ ግንኙነት የለውም አልሽ፣ ልጄ እንዴት ይኑረው?

ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን የኤም አር ኤን ኤውን (ለሰውነት ሴል መመሪያ የሚያደርሰውን ሞለኪውል) ቁልፍ ግኝት ያወጡት በ2005 ነው፣ ዓለም የኮቪድ ክትባቱን ያየው በ2020። በነዛ 15 ዓመታት መሃል የሆነ ቦታ ላይ ቆሞ "ይሄ ገንዘብ ምን አመጣ" ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው መልስ "ገና" ነው፣ "ገና" ደግሞ በጀት ኮሚቴ ፊት ደካማ መልስ ነው።

ይሄን ስል ግን ገንዘብ ማፍሰስ ብቻውን ይበቃል እያልኩሽ አይደለም። ሶቪየት ኅብረትን እይ፣ የሳይንቲስት ብዛት በሽ በሽ ነበር፣ ጠፈር ድረስ ወጥተዋል፣ የሲቪሉ ኢኮኖሚ ምርታማነት ግን እያደር እየወረደ ነው የሄደው። ብዙው ምርምር ለጦር መሳሪያ ነበር፣ የፋብሪካው ዳይሬክተር ደግሞ የሚለካው የወሩን ኮታ በመሙላቱ ስለሆነ አዲስ ማሽን ልሞክር ብሎ ምርት ካቆመ ኮታው ይበላሽበታል፣ ቦነሱ ይቀራል፣ እና ላብራቶሪ ውስጥ የተገኘው ነገር ላብራቶሪ ውስጥ ይቀራል። ጃፓንም ለረጅም ጊዜ ከ3 ፐርሰንት በላይ እያወጣች ከ1990ዎቹ ወዲህ እድገቷ አዝጋሚ ነው። ነገሩ በየቦታው እየከበደም ነው፣ ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ በ2020 እንዳሳዩት የቺፕ አቅም በሁለት ዓመት እጥፍ እንዲሆን ለማድረግ አሁን የሚያስፈልገው ተመራማሪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሚያስፈልገው ከ18 እጥፍ በላይ ነው። ይሄ ለመቁረጥ ምክንያት የሚሆን ለሚመስለው ሰው እኔ ተቃራኒውን ነው የማየው፣ ያው ብሉም በ2013 ከማርክ ሻንከርማንና ከጆን ቫን ሪነን ጋር ባሰላው መሰረት የካምፓኒ ምርምር ለህብረተሰቡ የሚመልሰው ለካምፓኒው ራሱ ከሚመልሰው ከእጥፍ በላይ ነው፣ 55 ለ21 ፐርሰንት ገደማ። ስለዚህ ለካምፓኒዎች ብቻ ከተተወ መጠኑ ማነሱ አይቀርም፣ ባለቤት የሌለውን ትርፍ የሚያስብ መንግስት ካልሆነ ማን ይሆናል?

አሁን ወደ ኮፒው። በ1960ዎቹ የስንዴ አዳቃዩ ኖርማን ቦርሎግ ሜክሲኮ ላይ ያወጣው አጭርና ብዙ የሚያፈራ ስንዴ ህንድ ገባ። የተዘጋጀ ዘር ነው፣ ገዝቶ መዝራት ነው፣ ካንቺ ኮፒ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ግን ፍሬው ቀይ ነበር፣ ህንዶች ደግሞ ለቂጣቸው የሚፈልጉት ነጣ ያለውን ነው፣ ቀዩ ገበያ ላይ በርካሽ ነው የሚሄደው፣ ገበሬም በርካሽ የሚሸጥ ነገር አይዘራም። የህንድ አዳቃዮች ናቸው ከዛ ዘር ላይ ካልያን ሶናና ሶናሊካ የሚባሉትን ነጣ ያሉ ዝርያዎች ያወጡት፣ ያንን ማድረግ የቻሉት ደግሞ ከዛ በፊት ለዓመታት ደሞዝ የሚከፈላቸው፣ የሙከራ ማሳ ያላቸው ሰዎች ስለነበሩ ነው። በ1965 12 ሚሊዮን ቶን ገደማ የነበረው የህንድ ስንዴ በ1970 ወደ 20 ሚሊዮን ደረሰ። እሱም አንዴ ተሰርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ ዋግ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ዩጂ 99 የሚባለው የግንድ ዋግ በ1998 ዩጋንዳ ላይ ሲታይ ለዓመታት ተቋቁመው የኖሩ ዝርያዎችን ነው የጣለው። አዳቃይ የሌለው አገር ያኔ ከማን ኮፒ ያደርጋል? ለራሱ አፈርና ለራሱ በሽታ የሚሆን ነገር ማን ይሰራለታል?

ዌስሊ ኮኸንና ዳንኤል ሌቪንታል በ1989 ያሉት ይሄንኑ ነው፣ ምርምር ሁለት ስራ ይሰራል፣ አንዱ አዲስ ነገር ማውጣት ነው፣ ሌላው የሰውን አዲስ ነገር ለመረዳት የሚያስችል ጭንቅላት ማዘጋጀት ነው። ከዛ ሬቸል ግሪፊዝ፣ ስቴፈን ሬዲንግና ጆን ቫን ሪነን በ2004 የ12 ሀብታም አገራትን ኢንዱስትሪዎች አይተው ወደ ኋላ የቀሩት ላይ ምርምር የሚያመጣው ጥቅም እንደውም ይበልጣል፣ ምክንያቱም ከፊት ካሉት ላይ እየተማሩ ይደርሳሉ አሉ። ኮሪያን እዚህ ላይ አስገቢያት። በ1960ዎቹ አጋማሽ ለሪሰርች የምታወጣው ከጂዲፒዋ ግማሽ ፐርሰንት እንኳ አይሞላም ነበር፣ ያኔም ኮፒ ነበር የምታደርገው፣ ግን በ1966 ኪስት የሚባለውን የምርምር ተቋም አቋቁማ ውጪ የቀሩትን ሳይንቲስቶቿን ጥሩ ደሞዝና ቤት እየሰጠች መለሰቻቸው፣ የመጀመሪያ ስራቸውም ኖቤል የሚያሸልም ግኝት ሳይሆን የትኛው ቴክኖሎጂ ይገዛ፣ እንዴት ይገጠም፣ እንዴት ለኛ እንዲሆን ይስተካከል የሚለው ነበር። ዛሬ 5 ፐርሰንት ገደማ ታወጣለች፣ ከእስራኤል ቀጥሎ ከዓለም ቀዳሚዎቹ ውስጥ ናት። ኮፒ ማድረግን ከምርምር ጋር አፎካክረሽ ያቀረብሽው ለዚህ ነው ያልተዋጠልኝ፣ ኮሪያ ውስጥ ሁለቱን የሰሩት ያው ሰዎች ናቸው። የአፍሪካ ኅብረት አገራት 1 ፐርሰንት እንመድባለን ብለው ከተስማሙ ስንት ዓመታቸው፣ አብዛኞቹ ግን እስካሁን አልደረሱም፣ ይሄ ለኔ የሀብት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን "ኮፒ ይበቃል" የሚለው ሃሳብ የፈጠረው ጉድለት ነው።

እና ፔፐሩን ስትከልሺ ወጪውን ከእድገቱ ቢያንስ አስር ዓመት አስቀድሚው፣ የውጪ አገራትን ምርምር በኢምፖርት በኩል አስገቢ፣ የመንግስትና የካምፓኒ ወጪ ደግሞ ለየብቻ ይሁን፣ ወታደራዊውን ማውጣት ከቻልሽ አውጪው። ደሃ አገራቱን ዳታቸው ትንሽ ነው ብለሽ አትጣያቸው፣ ገንዘቡ ካልተገኘ በሚሊዮን ህዝብ ስንት ተመራማሪ እንዳላቸው ተጠቀሚ።

አንድ አገር ለብቻ ላይ ካልሽም ፊንላንድን እይልኝ። በ2009 የምርምር ወጪዋ ከጂዲፒዋ 3.7 ፐርሰንት ገደማ ደርሶ ነበር፣ ከዛ ኖኪያ ወደቀ፣ መንግስትም ቆረጠ፣ በ2016 ወደ 2.7 ወረደች፣ ምርታማነቷም በነዛ ዓመታት ተኝቶ ነው የከረመው። ምን ያህሉ የኖኪያ፣ ምን ያህሉ የበጀቱ ነው የሚለው ያከራክራል፣ እኔ የኖኪያው ይበዛል ባይ ነኝ። የገረመኝ ግን ከዛ በኋላ ያደረጉት ነው፣ ፓርቲዎቹ በሌላ ሌላው እየተጣሉ በዚህ ግን ተስማምተው በ2030 4 ፐርሰንት ለመድረስ የመንግስትን የምርምር በጀት እድገት በህግ አሰሩት፣ ህጉም ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ስራ ላይ ነው። የሚቀጥለው መንግስት መጥቶ በአንድ ዓመት ውጤት መዝኖ በቀላሉ እንዳይቆርጠው ማለት ነው። እሱን አንብቢውና እሁድ ደውይልኝ፣ እንከራከርበታለን።

አባትሽ