ነጭ ቀለም ለቀባሽባቸው ሦስት ሥዕሎች

የኔ እናት፣

ትናንት ማታ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። "ሦስቱንም ነጭ ቀለም ቀባሁባቸው" ያልሽው ጆሮዬ ላይ ቀረ። ሁለት ወር ሙሉ የደከምሽባቸው ሥዕሎች። ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት አስራ አንድ ቀን ሲቀረው። "ሰው አይቶ ከሚስቅብኝ ብዬ ነው" አልሽኝ። በስልክ የምመልስልሽ አጣሁ። ስለዚህ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ።

እኔ ስለ ሥዕል አላውቅም። የማውቀው ስፌት ነው።

የመጀመሪያ ሙዳዬን የሰፋሁት በአስራ ሁለት ዓመቴ ነው። ስንደዶውን ራሴ ለቅሜ፣ ቀለም ነክሬ፣ አድርቄ። መነሻዋ አዝራር የምታክል ክብ ናት። እሷን መጀመር ጭንቅ ሆነብኝ። እሰፋለሁ፣ እፈታለሁ። ደግሞ እሰፋለሁ፣ ደግሞ እፈታለሁ። ስንደዶ ደግሞ መፈታት ሲበዛበት ይሰባበራል። ሦስት ቀን እንዲህ ሆንኩ። አክስቴ ዝም ብላ ስታየኝ ቆይታ፣ "አሁን የምትፈቺው ስፌቱ ተበላሽቶ ነው ወይስ ፈርተሽ ነው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ወስፌውን ከእጄ ወስዳ "ከዚህ በኋላ መፍታት የለም፣ ዝም ብለሽ ጨርሻት" አለች።

የአክስቴን ጥያቄ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ጥርጣሬ "ዙሩ ላልቷል፣ ቀዩ በዝቷል፣ ጎኑ ተንጋዷል" ይለኛል። እሱን እሰማዋለሁ፣ አስተካክላለሁ። ሌላው ግን ስለ ስፌቱ አንዲት ቃል አይናገርም። "አንቺን ብሎ ሰፊ!" ነው የሚለው። ትናንት የቱ ጋ እንደተበላሸ ስጠይቅሽ "ሁሉም" አልሽኝ። የኔ ልጅ፣ ሥራውን የሚያይ ዓይን "ሁሉም" አይልም። እጁ ረዝሟል ይላል፣ ጥላው አልተስማማም ይላል። ሦስቱን ሥዕሎች ያስጠፋሽ ሁለተኛው ድምፅ ነው፤ እርግጠኛ ነኝ።

አሁን ለመጻፍ የከበደኝ ነገር ላይ ደረስኩ። ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ የማውቅ ይመስለኛል። ስምንተኛ ክፍል ሳለሽ የሒሳብ ደብተርሽን በሥዕል ሞልተሽው አገኘሁ። "ይሄ እንጀራ ይሆንሻል? አንቺ ደግሞ ሠዓሊ ልትሆኚ!" ብዬ ጮህኩብሽ። አልመለስሽልኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ስትስዪ በሩን ትዘጊ ጀመር። እኔም እንዳላየ አለፍኩት።

የፈራሁት እኔ ነበርኩ። አባትሽ ካረፈ ዓመት አልሞላውም። የምንኖረው በስፌት ገንዘብ ነበር። አንድ መሶብ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅና ስንት እንደሚሸጥ አውቃለሁ። በእጅ ሥራ መኖር ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ አንቺ ላይ እንዳይደርስ ፈራሁ። ፍርሃቴን ምክር አስመስዬ ሰጠሁሽ። ይቅር በይኝ። ያን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ ትክክል አልነበረም የምልሽም እኔው ነኝ።

ባለፈው ዓመት ስድስት ኪሎ፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም የወሰድሽኝ ቀን ትዝ ይልሻል? እኔ ሥዕሎቹ አልገቡኝም ነበር። አንቺ ነሽ ቆመሽ ያስረዳሽኝ። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ግብርና መማር ጀምሮ እንደተወው። ጀርመን ሄዶ ሥዕል ተምሮ፣ ተመልሶ በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራዎቹን ሲያሳይ "ይሄ የኛ አይደለም" ያሉት እንደነበሩ። እሱ ግን መሳሉን እንዳልተወ፣ ተማሪዎችም እንዳስተማረ። በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ በስደት እንደሞተና ሥዕሎቹ ከጀርመን አገራቸው የገቡት ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተው እንደሆነ። እያወራሽ ዓይንሽ እንባ ሞላ። ትናንት ሌሊት እሱን ቀን አሰብኩ። እነዚያ ሥዕሎች ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቶባቸው ቢሆን ኖሮ እኔና አንቺ ያን ቀን ምን ፊት እንቆም ነበር?

ፍርሃቱ ይለቅሻል ብዬ አልዋሽሽም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰፍቻለሁ። ባለፈው ወር ለሰርግ የታዘዝኩትን መሶብ ስጀምር እጄን አልቦኝ ነበር። አንድ ነገር ግን ልማድ አድርጌያለሁ፤ ከእራት በኋላ ስፌት አልፈታም። መብራት ሳይገባልን በኩራዝ እየሰፋሁ፣ ማታ አስጠልቶኝ የፈታሁት ብዙ ነው። ጠዋት በፀሐይ የተረፈውን ሳየው ቀለሙ ሌላ ሆኖ አገኘዋለሁ። በሌሊትና በድካም ዓይን ሥራ አይፈረድም። አንቺ ደግሞ ሦስቱንም የቀባሽው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው።

የቀረሽን አራተኛውን ሥዕል እባክሽ አትንኪው። ማየት ካስጠላሽ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሪው። ብሩሾቹን እጠቢና ተኚ። ምግብም ብዪ፤ ድምፅሽ ያልበላ ሰው ድምፅ ነበር።

ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና ከደብረ ብርሃን እነሳለሁ። ላምበረት መናኸሪያ ጠብቂኝ። ያቺን ሙዳይ ይዤልሽ እመጣለሁ። ሦስተኛው ዙር ላይ ቀዩ አንድ ቦታ ዘሏል፣ ክዳኗም ትንሽ ጠበብ ይላል። እስከ ዛሬ የአንገት ሐብሌን የማስቀምጠው እሷ ውስጥ ነው። አንቺም አራተኛውን ሥዕል አዙረሽ ታሳዪኛለሽ። የቱ ጋ እንዳላማረሽ በጣትሽ ታመለክቺልኛለሽ። እኔ ሻዩን አፈላለሁ።

እናትሽ