ሪፈንዴ የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የታክስ ሰሞን በመጣ ቁጥር ገጻችሁ በታክስ ሠሪዎች ማስታወቂያ ይጥለቀለቃል። «ፈጣን ሪፈንድ»፣ «በአማርኛ እናስተናግዳለን»፣ «እሑድም ክፍት ነን»። ክፋት የለውም፤ ጋዜጣም በልቶ ማደር አለበት። ሰሞኑ ካለፈ በኋላ ሪፈንዱን፣ ማለትም ከከፈለው ታክስ ተመላሽ የሚሆንለትን ገንዘብ፣ ውሃ የበላበት ሰው ምን እንደሚያደርግ ግን ጽፋችሁ አላየሁም። ይህን የምጽፈው ታክሳቸውን በወረቀት አሠርተው፣ በፖስታ ልከው፣ ከዚያ ወዲያ ወሬው ለጠፋባቸው ነው። ብዙ ናቸው። አይናገሩም እንጂ።

እኔ የታክስ ባለሙያ አይደለሁም። ፎርም ማንበብ ስለማይሰለቸኝ ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዎች ደብዳቤ ይዘው ይመጣሉ። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» ይሉኛል። ከእነዚህ አንዱ ታክሲ የሚነዳ ጎልማሳ ነው። ደብዳቤውን ያወጣው ከመኪናው የፀሐይ መከለያ ሥር ነበር። አራት ቦታ ታጥፏል፣ ጠርዙ ላይ ቡና ፈሶበታል። «ወንጀል ሠርተሃል የሚለኝ መስሎኝ ነው የደበቅኩት» አለኝ። ያኔ ዜግነት አመልክቶ ቀጠሮ እየጠበቀ ነበር፤ ፍርሃቱ ይገባኛል።

ደብዳቤው ከአሜሪካ መንግሥት የግብር መሥሪያ ቤት፣ ከአይአርኤስ፣ የመጣ ነው፤ ስለ ወንጀል የሚያወራው ነገር የለም። በስምህ የታክስ ፎርም ደርሶናል፣ የላከው በርግጥ አንተ መሆንህን አረጋግጥልን ነው የሚለው። ሌባ በሰው ሶሻል (የሶሻል ሴኩሪቲ መለያ) ቁጥር ሪፈንድ ስለሚወስድ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ በየዓመቱ ለብዙ ሰው ይላካል። መልስ እስኪሰጥ ድረስ ፎርሙ ካለበት አይንቀሳቀስም። በ30 ቀን ውስጥ መልስ ስጥ ነው የሚለው። የኛ ሰው መኪና ውስጥ ይዞት ሲዞር ወራት አለፉ።

ነገሩን ያባሰው ደግሞ ታክሱን የሠራለት ሰው ነው። ሪፈንዱ ሲዘገይ ደንበኛው ደወለለት። «ጠፍቶ ይሆናል፣ እንደገና እንላከው» አለው። ሁለተኛ ቅጂ ታተመ፣ ተፈረመ፣ ተላከ። ያለ ደረሰኝ፣ በተራ ቴምብር። አይአርኤስ ግን የተላከን ፎርም ዳግመኛ አትላኩ ብሎ በግልጽ ነው የሚያስጠነቅቀው። ምክንያቱም ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ዓመት ሁለት ፎርም ሲገባ ኮምፒውተሩ በራሱ አይጨርሰውም። አንድ ሠራተኛ አውጥቶ እስኪያየው ይቆያል። እንግዲህ ሊያፋጥን ብሎ ጭራሽ አስቆመው።

ወረቀት ለምን እንደሚንቀራፈፍ ይታወቃል። በኢንተርኔት የተላከ ታክስ ስህተት ከሌለበት ሪፈንዱ ብዙውን ጊዜ በ21 ቀን ውስጥ ይመጣል። በፖስታ የተላከው ግን ፖስታው ይከፈታል፣ ገጹ ይለያል፣ ከዚያ ሰው ተቀምጦ ቁጥሩን አንድ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሲጽፍ ነው የኖረው። ስድስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ጠብቁ የሚሉትም ለዚህ ነው። በ2020 በኮቪድ ምክንያት ቢሮዎቹ ሲዘጉ ያልተከፈተ ፖስታ በተጎታች መኪና ተከማቸ። ጣጣው ዓመታት ወሰደ። በሜይ 2022 መጨረሻ 21.3 ሚሊዮን ያልተሠራ የወረቀት ፎርም እንደነበረ የግብር ከፋዮች ተሟጋች የሆኑት ኤሪን ኮሊንስ ለኮንግረስ ባቀረቡት ሪፖርት ጽፈዋል። ሴትዮዋ ወረቀትን ሱፐርማንን አቅም ከሚያሳጣው ድንጋይ፣ ከክሪፕቶናይት ጋር ነው ያመሳሰሉት። የመንግሥት ሪፖርት እንዲህ ሲቀልድ ደስ ይላል።

ታዲያ በዚህ ዘመን ማን በፖስታ ይልካል? እኛ። አንዱ ምክንያት ትዳር ነው። ባል እዚህ፣ ሚስት አዲስ አበባ፤ ወይም በተቃራኒው። እዚያ ያለችው ሶሻል የላትም። እንደ ባልና ሚስት አብሮ ለማሠራት አይቲን የሚባለው፣ ሶሻል ለሌለው ሰው የሚሰጥ የታክስ ቁጥር ያስፈልጋል። ማመልከቻው ብዙውን ጊዜ ከታክሱ ፎርም ጋር በወረቀት ተያይዞ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ይሄዳል። ከእሱ ጋር ደግሞ ፓስፖርት። ዋናው ፓስፖርት! ኤምባሲ ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ቢጠራት ፓስፖርቷ ኦስቲን ነው ማለት ነው። አይቲኑ ራሱ ሰባት ሳምንት ይፈጃል፤ ከጃንዋሪ አጋማሽ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ከተላከ፣ ወይም ከውጭ አገር ከተላከ፣ ከዘጠኝ እስከ አስራ አንድ ሳምንት ነው የሚሉት። ፓስፖርቱን አይተውና አረጋግጠው ለባለቤቱ የሚመልሱ ፈቃድ ያላቸው ወኪሎች አሉ፤ አንዳንድ የአይአርኤስ የአካባቢ ቢሮዎችም በቀጠሮ ይህን ያደርጋሉ። ዋናውን በፖስታ ከመልቀቅ በፊት እነሱን መጠየቅ ይሻላል። ደግሞ አብሮ ማሠራት ሁልጊዜ አያተርፍም። ከሁለቱ አንዳቸው ሶሻል ከሌላቸው ኢአይሲ የሚባለው፣ ገቢው ዝቅ ላለ ሠራተኛ የሚሰጥ ጥቅም ይቀራል። እዚያ ያለችው የምታገኘው ገቢም እዚህ ፎርም ላይ ይገባል። ታክስ ሠሪው ይህን ካልነገራችሁ ወይ አያውቅም ወይ ቸኩሏል።

ሌላው የተፋቱ ወላጆች ጉዳይ ነው። አንዱ ልጁን በታክሱ ፎርም ላይ ቀድሞ ካስመዘገበ የሌላው ኢ-ፋይል (በኢንተርኔት የሚላከው ፎርም) ሳይቀበሉት ይመለስ ነበር፤ ያለው አማራጭ ወረቀት ብቻ ነበር። አሁን ተሻሽሏል። ከ2024 የታክስ ዓመት ጀምሮ፣ ፋይል የሚያደርገው ሰው አይፒ ፒን የሚባለውን፣ ማንነትን የሚያረጋግጥ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ካስገባ ኢ-ፋይሉ ተቀባይነት ያገኛል። ቁጥሩን ማንም ሰው ከአይአርኤስ ድረ ገጽ በነፃ ያወጣል። በየዓመቱ ስለሚቀየር የአምናውን ይዞ መሄድ አይሠራም።

ሦስተኛው ምክንያት ነው እኔን የሚያናድደኝ። አንዳንድ ታክስ ሠሪ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ፎርሙን ያትማል፣ ከዚያ «እዚህ ፈርምና አንተው ፖስታ ቤት አስገባው» ይላል። የራሱን ፊርማ አያኖርም። እንዲህ ዓይነቱን «የሙት መንፈስ» ታክስ ሠሪ ይሉታል። በሕጉ በክፍያ ታክስ የሚሠራ ሰው ፒቲን የሚባል የታክስ ሠሪ መለያ ቁጥር ሊኖረው፣ ፎርሙ ላይ ሊፈርም፣ ለደንበኛውም ቅጂ ሊሰጥ ይገባል። በዓመት 11 እና ከዚያ በላይ ፎርም የሚሠራ ከሆነ ደግሞ በኤሌክትሮኒክ የመላክ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ቢሮው ደጅ ወረፋ እየተሰለፈ ወረቀት ብቻ የሚሰጥ ካጋጠማችሁ ለምን በሉት። ታክሲ የሚነዳው ወንድማችን ያጋጠመው እንዲህ ዓይነቱ ነው። ቅጂ እንኳን አልነበረውም፤ ምን እንደተላከለት የሚያውቀው ነገር የለም።

የግድ ወረቀት ከሆነ ደግሞ ፖስታ ቤት መስኮት ድረስ ሄዶ በሰርቲፋይድ ሜይል (ደረሰኝ ባለው የአደራ ፖስታ) መላክና ደረሰኙን ማስቀመጥ ነው። ፎርሙ በጊዜ ስለመላኩ ማስረጃው የፖስታ ቤቱ ማኅተም ነው። ሳጥን ውስጥ የጣላችሁት ፖስታ ግን በዚያው ቀን ማኅተም ላያርፍበት ይችላል፤ ፖስታ ቤቱ ራሱ ይህን በ2025 መጨረሻ ላይ በደንቡ ውስጥ በግልጽ ጽፏል። በመጨረሻው ቀን፣ ኤፕሪል 15 ማታ፣ ሳጥን ውስጥ ጥሎ መተኛት ቀርቷል። የባንክ ቁጥር ማስገባትም አይረሳ፤ ከሴፕቴምበር 30፣ 2025 ወዲህ የወረቀት ቼክ እያስቀሩ ነው።

ከላካችሁ ከአራት ሳምንት በኋላ ሪፈንዱ የት እንደደረሰ በድረ ገጻቸው ላይ ማየት ይቻላል። ካልታየ የራሳችሁን አካውንት ከፍታችሁ ትራንስክሪፕት የሚሉትን የታክስ መዝገብ ተመልከቱ፤ ፎርሙ መግባት አለመግባቱን እዚያ ታገኛላችሁ። ቆይቶም መልስ ከሌለ፣ በተለይ የቤት ኪራይ ወይም መድኃኒት የሚያስቸግር ደረጃ ከተደረሰ፣ ታክስፔየር አድቮኬት የሚባለው ክፍል አለ። እዚያው አይአርኤስ ውስጥ ሆኖ ለግብር ከፋዩ የሚከራከር ነው። በየስቴቱ ቢያንስ አንድ ቢሮ አለው፣ ፎርም 911 ሞልቶ መላክ ነው፣ በነፃ ነው። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚከራከሩ፣ «ክሊኒክ» የሚባሉ የታክስ እርዳታ ቢሮዎችም አሉ። የኮንግረስ ተወካያችሁ ቢሮም የፈቃድ ወረቀት አስፈርሞ ጉዳያችሁን ይከታተላል። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ «እኔ መራጭ አይደለሁም» ይለኛል። በወረዳው መኖር ይበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያውቅም። መንግሥት ሪፈንድ ካዘገየ ወለድ ይከፍላል። ከማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ወይም ዘግይታችሁ ካስገባችሁ ከገባበት ቀን ጀምሮ 45 ቀን ካለፈ ወለዱ ይታሰባል፤ መጠየቅም አያስፈልግም። በ2024 ለግለሰብ 8 በመቶ ነበር። ባንክ የማይሰጠው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ግን ወለዱ ራሱ እንደ ገቢ ይመዘገባል፣ አትርሱት። ጭራሽ ያላስገባችሁት የቆየ ዓመት ካለ ደግሞ ሪፈንዱን ለመጠየቅ በጥቅሉ ሦስት ዓመት ነው ያላችሁ፤ ካለፈ ገንዘቡ ለመንግሥት ይቀራል።

ታክሲ የሚነዳው ወንድማችን በስተመጨረሻ ማንነቱን አረጋገጠ። ከዚያ በኋላም እስከ ዘጠኝ ሳምንት ሊወስድ ይችላል ተባለ። ገንዘቡ ባንኩ ሲገባ ከጠበቀው በለጠ። እሑድ መጥቶ ስልኩን አሳየኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ትርፉን ልመልሰው እንዴ?» አለኝ። ወለድ መሆኑን እስኪያምነኝ ብዙ ለፋሁ። ሰው የገዛ ገንዘቡ ዘግይቶ ሲመጣለት እንኳ ዕዳ ያለበት ነው የሚመስለው።

አሁን ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። ማስታወቂያ ስትቀበሉ ታክስ ሠሪው ፒቲን እንዳለው ጠይቁ፤ ቁጥሩንም ይስጣችሁ። ፈርሞ የማይሰጥ ሰው ላይ ቅሬታ ማቅረቢያው ፎርም 14157 መሆኑንም ከማስታወቂያው ጎን በትንሹ ጻፉልን። ለቀጣዩ ጃንዋሪ ደግሞ ደብሊው ቱ (አሠሪ የሚልከው የዓመት ደመወዝ ወረቀት) መምጣት ሲጀምር፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጋብዛችሁ የአንባቢ ጥያቄ በአማርኛ የሚመለስበት ዓምድ ብትከፍቱ ጥያቄ የማመጣው እኔ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የሚጠብቁኝ ሰዎች ዝርዝር አለኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ