ሳጥኑን ከታማሚው እጅ ተቀበሉት

ለበኩር ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፣

ራሱ ካንሰር እያለበት ለሌሎች ታማሚዎች ገንዘብ የሚያሰባስብ ወጣት ሲነሳ ሰው ኪሱን ለመዳበስ አያመነታም። ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ደጃፍም ይቁም ጣና ዳር መዝናኛዎቹ ጋ፣ ሰጪ አያጣም። ችግሩ የሚጀምረው ከተሰጠ በኋላ ነው። ወጣቱ ይናገር፣ ሰው ይጋብዝ፤ ሳጥኑን፣ የባንክ ሒሳቡንና ቀጠሮውን ግን ጤነኞች ይያዙለት እንላለን።

መጀመሪያ ሰውነቱ። አብዛኞቹ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ኢንፌክሽን የሚከላከለውን ነጭ የደም ሴል በጣም ዝቅ የሚያደርጉት ከተሰጡ በኋላ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን መካከል ነው። በዚያ ሳምንት ሕዝብ መሀል ቆሞ እጅ መጨባበጥና ብር መቁጠር ኢንፌክሽን መጋበዝ ነው። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ «ትንሽ እንየው» አይባልም፤ ሆስፒታል በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ሊጀመርለት ይገባል። ቤት ውስጥ ፓራሲታሞል ሰጥቶ መጠበቅ ትኩሳቱን አብርዶ አደጋውን ይደብቃል። ስለዚህ የሩጫው ወይም የባዛሩ ቀን መቆረጥ ያለበት በአዳራሽ ኪራይ ሳይሆን በሐኪሙ ምክር ነው። ሕክምናው በየ21 ቀኑ ከሆነ የሚሻለው ሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ያም የደም ሴሎቹ ቆጠራ (ሲቢሲ ምርመራው) ታይቶ። ለክብሩ ቁርጥ የምታቀርቡለትም አደራ፣ ሥጋው ይብሰል።

ሒሳቡን በወጣቱ ስም መክፈት የዋህነት ነው። አልጋ ሲይዝ ፈርሞ የሚያወጣ የለም። ካረፈ ደግሞ ገንዘቡ ከውርስ ጋር ይደባለቃል፤ ወራሽነት በፍርድ ቤት እስኪረጋገጥ ሌላው ታማሚ መድኃኒቱን ይጠብቃል። ሦስት ፈራሚ ይኑርና ሁለቱ ካልፈረሙ ወጪ አይደረግ፤ ከሦስቱ አንዱ ከቤተሰቡ ውጭ ይሁን። ሳጥኑ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፣ በየቀኑ በሦስት ሰው ፊት ተቆጥሮ ይፈረምበት፣ በማግስቱ ባንክ ይግባ። አጭበርባሪዎች የወጣቱን ፎቶ እንዳለ ወስደው የሒሳብ ቁጥሩን ብቻ ይቀይራሉ። መከላከያው ቀላል ነው፤ ቴሌብርም ሆነ የንግድ ባንክ መተግበሪያ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ስም ስለሚያሳይ፣ ማስታወቂያው ላይ «ይህ ስም ካልወጣ አይላኩ» ብሎ ስሙን በጉልህ መጻፍ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የጊዜው አለመጣጣም ነው። ገንዘቡ በሞቅታው ሳምንት ይገባል፤ በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር ግን ሕክምናው ከ2 እስከ 3 ዓመት ይፈጃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሀብታም አገሮች ካንሰር ካለባቸው ሕፃናት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይድናሉ፤ በብዙ ድሃ አገሮች ከ30 በመቶ በታች። አንዱ ምክንያት ሕክምናው መሀል ላይ መቋረጡ ነው። መድኃኒቱ በነጻ ቢገኝ እንኳ ከገጠር ባሕር ዳር፣ ከዚያም 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር ወይም አባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ የሚመላለስ ገበሬ የትራንስፖርት፣ የአልጋና የምግብ ወጪ አለበት፤ ማሳውም ጾሙን ያድራል። ስለዚህ ገንዘቡ እስከ መጨረሻው ቀጠሮ በየወሩ ተከፋፍሎ ይያዝ።

መድኃኒት ከውጭ ፋርማሲ ሲገዛም ሊታሰብበት ይገባል። ቪንክሪስቲንና አስፓራጂኔዝ የተባሉት የደም ካንሰር መድኃኒቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው የሚቀመጡት። በረዶ በያዘ የቅዝቃዜ ሳጥን ይጓዙ፤ በረዶው ግን ጠርሙሱን በቀጥታ አይንካው፣ መቀዝቀዝ እንጂ በረዶ መሆን የለባቸውም። አውቶቡስ ውስጥ በቦርሳ ተይዞ የመጣ አስፓራጂኔዝ ብሩንም ተስፋውንም ያባክናል።

ገንዘብ የሌለው ደም ይስጥ። ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱ ቢያንስ 45 ኪሎ የሆነ ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ መስጠት ይችላል። ሆኖም በአንድ ቅዳሜ ሁሉንም ማሰለፍ ብዙ አይጠቅምም። ቀዩ የደም ክፍል በማቀዝቀዣ ከ35 እስከ 42 ቀን ይቆያል፤ ለካንሰር ታማሚ ደም መፍሰስን የሚገታው ፕላትሌት ግን 5 ቀን ገደማ ብቻ። ሰጪዎቹን መዝግቦ፣ ከደም ባንኩ ጋር ተነጋግሮ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መላክ ይበልጣል።

ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ በ18 ዓመቱ ቀኝ እግሩን በአጥንት ካንሰር አጥቶ እ.ኤ.አ. በ1980 ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ በሰው ሠራሽ እግር 5,373 ኪሎ ሜትር ሮጧል፤ በ143ኛው ቀን ያቆመው ካንሰሩ ሳንባው ላይ ስለወጣ ነበር። ገንዘቡን የሚረከበው የካናዳ ካንሰር ማኅበር ስለነበር እሱ ሲያቆም መዋጮው አልቆመም። በስሙ የተዘጋጀው የመጀመሪያው ሩጫም ከሞቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1981 ተካሂዷል።

ስለ ሩጫ ካነሳን፣ ካናቴራው ገቢውን ይበላል። ትኬቱ 500 ብር ተሸጦ ካናቴራው 400 ብር ከፈጀ ለታማሚ የተረፈው 100 ብር ነው። ደረት ላይ የሚለጠፍ ቁጥር ይበቃል፤ ካናቴራ ግድ ነው ካላችሁ ስፖንሰር ያሳትመው።

አንድ ጥያቄ ለዝግጅት ክፍሉ፦ እንዲህ ያለ የድጋፍ ጥሪ ስታትሙ የሒሳቡን ባለቤት ስም፣ የፈራሚዎቹን ቁጥር፣ መዋጮው የሚዘጋበትን ቀንና የሚተርፈው ገንዘብ ለማን እንደሚሰጥ አብራችሁ አትሙ። ይህን መመለስ ያልቻለ አስተባባሪ እስኪያሟላ ይጠብቅ።

የካንሰር ታማሚዎችን የምንደግፍ በጎ ፈቃደኞች፣ ባሕር ዳር