ለልጄ፦ የሽቦውን ሥራ ያዢ

ይድረስ ለልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የፎርሙላ ኤስኤኢ (ተማሪዎች ራሳቸው በሠሩት መኪና የሚወዳደሩበት) የኤሌክትሪክ መኪና ቡድን መግባትሽን ሰማን፤ ደስ ብሎናል። «ገና አንደኛ ዓመት ነኝ፣ ምን እሠራላቸዋለሁ?» ላልሽው፦ ሞተሩንና ኢንቨርተሩን (የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ እንዲሆን የሚቀይረውን) ሁሉም ይሻማባቸዋል፣ ተያቸው። አንቺ የሽቦውን ሥራና የማጥፊያውን ሰርኪዩት እኔ ልያዝ በይ። የ22 ኪሎ ሜትሩ የጽናት ውድድር ብቻውን ከ1000 ነጥብ 275ቱን ይዟል፤ መኪና መሀል መንገድ ላይ የሚያስቀረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሽቦ ነው።

የአደጋ ጊዜ ቁልፎቹ፣ የግጭት ስዊቹ፣ የፍሬን ፔዳል ከልክ በላይ ሲወርድ የሚከፈተው ስዊች፣ የባትሪና የኢንሱሌሽን (ኃይሉ ወደ መኪናው አካል እንዳይሾልክ የሚጠብቀው) ተቆጣጣሪዎቹ በሙሉ በዚያ የማጥፊያ ሰርኪዩት ላይ በሲሪየስ፣ አንዱ ከሌላው ተከታትሎ፣ ተያይዘዋል። አንዱ ሲከፈት የባትሪው ሪሌዮች (ኃይሉን የሚያገናኙትና የሚቆርጡት በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ቁልፎች) ይለቃሉ፣ መኪናው ይቆማል። የላላች ፒንም ያው ናት። ስለዚህ ገና ንድፉ ላይ ከየስዊቹ ቀጥሎ የመለኪያ ነጥብ አውጪለት። ሲቆም ከመነሻው ጀምረሽ በመልቲሜትር ትከተይዋለሽ፤ 12 ቮልቱ ካለበት የመጨረሻ ነጥብና ከጠፋበት መካከል ነው ችግሩ። ቆሞ ደህና፣ ሲነዳ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ እየለካሽ ኮኔክተሮቹን አንድ በአንድ ነቅነቅ አድርጊ።

ተርሚናል በስታኞ አትበይጂ። ስታኞው ሽቦውን ያደርቀዋል፣ ንዝረት ሲመጣ ልክ ጠርዙ ላይ ይበጠሳል። ለተርሚናሉ በተሠራው ፒንሳ ጨምቂው፣ ከዚያ እያንዳንዱን ጎትተሽ ሞክሪ።

ካን ባስ (የመኪናው መሣሪያዎች መረጃ የሚለዋወጡበት ጥንድ ሽቦ) አልሠራ ሲል ኮዱን ከመነካካትሽ በፊት ኃይሉን አጥፍተሽ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ለኪ። 60 ኦም ከሆነ ደህና ነው። 120 ካሳየሽ ከጫፍ ካሉት ሬዚስተሮች አንዱ የለም፤ 40 ካሳየሽ ሦስተኛ ተጨምሯል፣ ተገዝቶ በመጣ መሣሪያ ውስጥ ተደብቆ ሊሆን ይችላል።

የፍጥነት ፔዳሉ ሁለት ሴንሰር አለው፤ ንባባቸው ከ10 በመቶ በላይ ተለያይቶ ከ100 ሚሊሰከንድ ካለፈ ሞተሩ ኃይል ማጣት አለበት። ለሁለቱ አንድ የመሬት ሽቦ አትስጪ። እሷ ከተበጠሰች ሁለቱም ተስማምተው ይዋሻሉ፣ ሲስተሙም ያምናቸዋል።

ፕሪቻርጁንም፣ ማለት ሙሉው ኃይል ከመገናኘቱ በፊት ካፓሲተሩን ቀስ ብሎ መሙላቱን፣ አትናቂ። የኢንቨርተሩ ካፓሲተር እስከ 90 በመቶ ሳይሞላ ሁለተኛው ሪሌይ ከዘጋ፣ የሚገባው ከረንት ኮንታክቱን ሊበይደው ይችላል። የተበየደ ሪሌይ ደግሞ ማጥፊያ ቢጫንም አይለቅም።

ባትሪው ጋ ስትሄጂ ቀለበትሽንና የአንገት ሐብልሽን አውልቂ፣ ብቻሽንም አትሥሪ። ደንቡ እስከ 600 ቮልት ይፈቅዳል። ከባትሪው ሳጥን ውጪ ያለው ሲጠፋ ከ60 ቮልት በታች መውረዱን በመለኪያ አረጋግጪ፤ ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ሴሎች ግን መቼም አይጠፉም። ይህን የምጽፈው እናትሽ እንዳታነበው እየሰጋሁ ነው።

ደንቡ ስለሚታደስ የዘንድሮውን አውርጂ። የሰርኪዩቱን ንድፍ ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ ቅዳሜ አብረን እናየዋለን።

አባትሽ