ለጎረቤቶቻችን ተረት መደርደሪያ እንሙላ፦ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የደቡብ ሲያትል ወገኖች፣ በሌላ ከተማ ሆናችሁ ይህን የምታነቡም፣

እርዳታ የምንጠይቀው ለልጆች መጽሐፍ መግዣ ነው። መጻሕፍቱ የአማርኛ አይደሉም። የቬትናም፣ የካምቦዲያ፣ የላኦስ፣ የፊሊፒንስና የኢንዶኔዥያ ቤተሰቦች እንዴት እንደሚኖሩ፣ ማታ ማታ ለልጆቻቸው ምን እንደሚተርኩ የሚያሳዩ ባለ ሥዕል መጻሕፍት ናቸው። «የራሳችን መቼ ሞላና?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በወላጆች ስብሰባ ላይም ተነስቷል። ረዘም አድርጌ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

በኦቴሎ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ለምትኖሩ ሰፈሩን ማስረዳት አያስፈልግም። ለሌሎቻችሁ ግን ልንገራችሁ። የቬትናሞች ግሮሰሪ፣ የሶማሌዎች ሱቅ፣ እንጀራ የሚሸጥበት የእኛ ሰው ቤት፣ ሁሉም በእግር የሚደረስበት ነው። ልጆቻችን አብረው ይማራሉ፤ አንድ ሜዳ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። እኛ ሥራ ስናመሽ ልጆቻችንን የሚያቆዩልን ብዙውን ጊዜ የካምቦዲያና የቬትናም አያቶች ናቸው። የእኔም ልጆች የእነሱን ሩዝ እየበሉ ነው ያደጉት።

እዚህ የተገናኘንበት ታሪክም ይመሳሰላል። የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎን እ.ኤ.አ. በ1975 ከወደቀች በኋላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቬትናሞች በጀልባ ተሰደዱ። በዚያው ዓመት ካምቦዲያ ክመር ሩዥ በሚባሉ ኮሚኒስት አማጽያን እጅ ገባች። እስከ 1979 መጀመሪያ ድረስ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ አለቀ። መምህሩ፣ ጸሐፊው፣ መነኩሴው ተለይቶ ተሳደደ። በእኛ አገር ደግሞ በዚያው ዘመን ቀይ ሽብር ነበር። ከዚያ የ1980ው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ወጣ። ብዙዎቹን ጎረቤቶቻችንን ከታይላንድ ካምፖች፣ የእኛን ሰዎች ከሱዳን ካምፖች ያመጣው ይኸው ሕግ ነው። በእነሱም ቤት በእኛም ቤት አያቶች የማይናገሩት ነገር አለ። ስለ ተረት ሲሆን ግን ያወራሉ፤ ልጅ አጠገባቸው ከተቀመጠ ደግሞ አያቆሙም።

እንግዲህ ወደ ጉዳያችን። በምንኖርበት የአፓርታማ ግቢ የጋራ አዳራሽ ውስጥ፣ የተለያየ አገር ወላጆች ሆነን የልጆች የንባብ ጥግ ከፍተናል። ምንጣፍ አለ፤ መብራት አለ፤ ሁለት ትልልቅ መደርደሪያዎች አሉ። የአማርኛው በኩል በእናንተ ልግስና ከሞላ ጎደል ተሞልቷል። ከአዲስ አበባ በሻንጣ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ልጆቻችሁ ያደጉባቸውን መጻሕፍት የሰጣችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። በወዲያኛው በኩል ያለው መደርደሪያ ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የቬትናምኛው ትንሽ ይሻላል፤ ፈልጎ ይገኛል። የክመርኛ፣ ማለትም የካምቦዲያ ቋንቋ፣ እና የላኦኛ ግን ብርቅ ነው። ቤተሰቦቹም በቁጥር ከእኛ ያንሳሉ፤ ለብቻቸው ሊሸከሙት አይችሉም። የእኛው ሰው ሲተርት ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላል አይደል?

በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ምን እንዳለ ልንገራችሁ። እኔን ያሸነፈኝ እሱ ነውና።

ላኦስ ውስጥ ሺየንግ ሚየንግ የሚባል ጮሌ አለ። ንጉሡን ነጋ ጠባ ያሞኘዋል። አንድ ቀን ንጉሡ ኩሬ ዳር ቆሞ፣ «እውነት ብልጥ ከሆንክ እስቲ አታለህ ውኃው ውስጥ አስገባኝ» ይለዋል። ሺየንግ ሚየንግ ራሱን ይነቀንቃል። «ንጉሥ ሆይ፣ ማስገባቱንስ አልችልም። ውስጥ ቢሆኑ ግን አታልዬ ማውጣት እችል ነበር» ይላል። ንጉሡ ልብሱን ሰብስቦ ዘው! «በል አውጣኝ!» «እርስዎ ቢወጡም ባይወጡም ግድ የለኝም። ያሉኝ እንዳስገባዎት ነበር፤ ይኸው ገብተዋል።» ይህን ለአባቴ ስነግረው፣ «ይሄማ አለቃ ገብረ ሃና ነው!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ የራሱን የአለቃን ቀልዶች ለልጆቼ ይዘረዝር ጀመር፤ እኔ እንኳ ሰምቻቸው የማላውቃቸውን። የጎረቤት ተረት የራሳችንን ተረት ከተደበቀበት ሲያወጣው በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው።

የቬትናሞቹ ደግሞ የበዓል ተረት ነው። ከሁንግ ነገሥታት አንዱ ዙፋኑን ለማን እንደሚያወርስ ሲጨነቅ፣ ልጆቹን ጠርቶ ለአባቶች መታሰቢያ የሚሆን ከሁሉ የተሻለ ምግብ እንዲያመጡ ያዛል። ሀብታሞቹ ልዑላን ከባሕርና ከጫካ ብርቅ ብርቁን ያስሳሉ። ድሃው ላንግ ሊየው ግን ያለው ሩዝ ብቻ ነው። በሩዙ ሁለት ነገር ይሠራል። አንደኛው አራት ማዕዘን ሆኖ በቅጠል የተጠቀለለ፣ የምድር ምሳሌ ነው። ሁለተኛው ክብ ነው፤ የሰማይ ምሳሌ። ዙፋኑን የወረሰው እሱ ሆነ። አራት ማዕዘኑ ባን ቹንግ ይባላል። ዛሬም ለአዲስ ዓመታቸው ለቴት ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይጠቀልለዋል፤ ውስጡ የተከካ ማሽና የአሳማ ሥጋ ይገባበታል። የሚቀቀለው ረጅም ሰዓት ስለሆነ ሌሊቱን ድስቱን እየጠበቁ ያድራሉ። ልጆች እዚያው እሳቱ ዳር ያንቀላፋሉ። ለበዓል ዋዜማ ሽንኩርት ሲያቁላላ ያመሸ ሐበሻ ይህን ሥዕል ሲያይ ማስተዋወቂያ አይፈልግም።

ከኢንዶኔዥያ የመጣው ይከብዳል። ማሊን ኩንዳንግ የድሃ እናት ልጅ ነው። በመርከብ ሄዶ ይከብራል። ሚስት አግብቶ፣ ሀብት ጭኖ ወደ መንደሩ ወደብ ሲመለስ እናቱ ሮጣ ትመጣለች። እሱ ግን የለበሰችውን ጨርቅ አይቶ «እኔ እናት የለኝም» ይላል። ትረግመዋለች፤ ድንጋይ ይሆናል። በምዕራብ ሱማትራ ፓዳንግ ከተማ አጠገብ፣ አየር ማኒስ በሚባለው የባሕር ዳርቻ፣ በግንባሩ የተደፋ ሰው የሚመስል ድንጋይ ዛሬም ለጎብኚ ይታያል። እዚህ አገር ልጇ በእንግሊዝኛዋ የሚያፍርባት እናት ይህን ስትሰማ ምን እንደሚሰማት አይጠፋችሁም። ልጁም ቢሰማው ጥሩ ነው።

ትንንሾቹ የሚወዱት ካንቺልን ነው። ከእንሹ እንኳ የምታንስ፣ ቀጫጭን እግር ያላት የማሌዎችና የኢንዶኔዥያዎች ብልጥ እንስሳ ናት። ወንዝ ልትሻገር ፈልጋ አዞዎቹን «ንጉሡ ሊያበላችሁ ስለሆነ ቁጠሪያቸው ብሎኛል፤ ተሰለፉ» ትላቸዋለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች በጀርባቸው ላይ ዘልላ ትሻገራለች። ካምቦዲያዎች ደግሞ ዳኛ ጥንቸል አላቸው፤ ድሃው በጉልበተኛ ሲበደል ፍርዱን የምታቃና።

ተረቱ ብቻም አይደለም የምንፈልገው። የቤት ኑሮውም አለበት። የፊሊፒንስ ልጅ ቤት ሲገባ የአያቱን እጅ ይዞ ግንባሩ ላይ ያስነካል። የላኦ ቤተሰብ ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሲያገባ ወይም መንገድ ሲሄድ ባሲ የሚሉትን ሥርዓት ያደርጋል፤ ሽማግሌዎች እየመረቁ እጁ ላይ ነጭ ክር ያስሩለታል። በሰው አካል ውስጥ 32 ጠባቂ ነፍሳት አሉ ብለው ያምናሉ፤ ክሩ እነሱን ሰብስቦ ለማቆየት ነው። አንገቱ ላይ ማዕተብ ያሰረ ልጅ ጓደኛው እጅ ላይ ክር ሲያይ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን ከባለቤቱ ቢያገኘው ይሻላል።

ስለዚህ ስለ ሥዕሉ ጥብቅ ነን። በልጆች መጽሐፍ ውስጥ ሥዕል ከጽሑፉ እኩል ይናገራል። የካምቦዲያን ሰው የቻይና ልብስ አልብሶ የሚያቀርብ መጽሐፍ አንገዛም። ደጃፍ ላይ የተደረደረውን ጫማ፣ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርቶ የሚበላውን ቤተሰብ፣ ለጎርፉ ሲባል በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመውን ቤት የሚያውቅ ሰው የሣለውን እንመርጣለን። በተቻለ መጠን ጸሐፊውም ሠዓሊውም ከዚያው ማኅበረሰብ እንዲሆኑ፣ ጽሑፉም በሁለት ቋንቋ እንዲሆን እንፈልጋለን። የሚመርጡት የየማኅበረሰቡ እናቶችና አያቶች ናቸው፤ እኛ ሐበሾች ምርጫው ውስጥ አንገባም።

ሁለተኛ ሥራም አለን፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። የግቢያችን የካምቦዲያና የላኦ አያቶች የሚያውቋቸውን ተረቶች በድምፅ እየቀዳን ነው። ከእነሱ አንዱን መርጠን ባለ 32 ገጽ መጽሐፍ እናደርገዋለን፤ የልጆች ባለ ሥዕል መጽሐፍ የተለመደ መጠኑ ይኸው ነው። በራሳቸው ፊደል፣ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ይታተማል። ለአንዲት የሰፈራችን ወጣት ሠዓሊ ተገቢውን ዋጋ እንከፍላለን፤ በነጻ ሥሪልን አንላትም። ፊደሉን በትክክል የሚያስቀምጥ ባለሙያም ያስፈልጋል። የክመር ፊደል ከመስመሩ በታች የሚንጠለጠሉ ቅርጾች አሉት፤ በማይሆን ፕሮግራም ከተጻፈ ይበታተናል። ፊደላችን በስልክና በኮምፒውተር ላይ ባዶ ሣጥን ሆኖ ያየንበትን ዘመን የምናስታውስ ሰዎች ይህ ይገባናል።

ገንዘቡን በተመለከተ። ጠንካራ ሽፋን ያለው አንድ ባለ ሥዕል መጽሐፍ እዚህ አገር ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 20 ዶላር ነው። 100 መጽሐፍ ለመግዛት 2,000 ዶላር ገደማ ይበቃናል። ለሠዓሊዋ፣ ለፊደል ባለሙያውና ለኅትመቱ ደግሞ 4,000 ዶላር መድበናል። በድምሩ 6,000 ዶላር ማለት ነው። 20 ዶላር የሰጠ አንድ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አኖረ። 5 ዶላር የሰጠም ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ያንኑ አደረገ። ቡና ቤትና ሬስቶራንት ያላችሁ፣ ዕቁብ የምትጥሉ፣ በማኅበር የምትሰበሰቡ፣ አንድ ቀን ጉዳዩን አንሱልን።

ገንዘቡን የሚይዙት ከእያንዳንዱ ማኅበረሰብ የተመረጡ ወላጆች ናቸው። ያለ ሁለት ሰው ፊርማ ምንም አይወጣም። የተገዛው መጽሐፍና ደረሰኙ በየወሩ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ የሰጠ ሰው መጥቶ ማየት ይችላል። ስማችሁ እንዲጻፍ የማትፈልጉ ብትነግሩን እናከብራለን።

ገንዘብ ለጊዜው ያልሞላላችሁም አትራቁብን። ቅዳሜ ከሰዓት የንባብ ሰዓት አለ። አያቶቹን በመኪና የሚያመጣና የሚመልስ ሰው እንፈልጋለን። ለልጆቹ ዳቦ የምትጋግሩ ኑ። ከሁሉ በላይ አማርኛ አንባቢዎች ያስፈልጉናል። የካምቦዲያዋ አያት ተርከው ሲጨርሱ፣ ከእኛ በኩል አንድ ሰው ተነስቶ «ተረት ተረት» እንዲል፣ ልጆቹም የየትም አገር ልጆች ቢሆኑ «የላም በረት» ብለው እንዲመልሱ እያስተማርናቸው ነው።

የካምቦዲያና የላኦ አዲስ ዓመት በሚያዝያ አጋማሽ በፈረንጆቹ ነው። መደርደሪያው ለዚያ በዓል እንዲደርስ እስከ መጋቢት መጨረሻ፣ ይህም በፈረንጆቹ፣ ያላችሁን አድርሱን። በዜል ወይም በጥሬ ገንዘብ መስጠት ይቻላል፤ ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ከምታገኟቸው አስተባባሪዎች ሂሳቡን ጠይቁ። ሩቅ ያላችሁ በሰፈራችን ባለ ዘመድ በኩል ላኩልን። እጃችሁን ዘርጉልን።