የአንድ ሜትር ፌሮ ዓመት፦ የሥነ ፈለክ ክበብ የ2017 ዘገባ

ደሴ ያለው የትምህርት ቤታችን ክበብ ጠቅላላ ንብረት አንድ ሜትር ፌሮ ነው። ከመማሪያ ክፍል ግንባታ የተረፈ ነው። ባዶ የቀለም ጣሳ ውስጥ በሲሚንቶ ተተክሎ ግቢው መሀል ቆሟል። ቀጥ ማለቱን ያረጋገጥነው ከግንበኞቹ በተዋስነው ቱንቢ ነው። ቱንቢውን መልሰናል። ይህን የምጽፈው ጠያቂ ስላለ ነው።

ክበቡ ሲቋቋም ልጆቹ መጀመሪያ ያነሱት ጥያቄ “ቲቸር፣ ቴሌስኮፑ መቼ ነው የሚመጣው?” የሚል ነበር። እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች የመስታወታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር ነው፣ የእኛም ፌሮ አንድ ሜትር ነው አልኳቸው። ማንም አልሳቀም። በሁለተኛው ሳምንት ከ40 ወደ 17 ወረድን። ይህ ዘገባ የ17ቱ ነው።

ምድር በራሷ ዛቢያ ላይ እንደምትሽከረከር፣ በፀሐይ ዙሪያም እንደምትዞር የማያውቅ ተማሪ የለም። ከታች ክፍል ጀምሮ በቃሉ ይዞታል። “እንዴት አወቅህ?” ሲባል ግን መልሱ “መጽሐፉ ላይ አለ” ነው። ዘንድሮ መጽሐፉን ዘግተን ጥላ እንለካ ተባባልን።

ዓርብ ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:00 በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት እናደርጋለን። ጥላው ጠዋት በስተ ምዕራብ ወዳለው ጦሳ ተራራ ተጋድሞ ይጀምራል። ከሰዓት በኋላ በስተ ምሥራቅ ወዳለው አዝዋ ገደል ይዞራል። ምድር ወደ ምሥራቅ ስትሽከረከር እኛንም ፌሮውንም ይዛን ነው የምትሄደው። ፀሐይ ወደ ምዕራብ የሸሸች የሚመስለን ለዚህ ነው። በመሀል ጥላው ከሁሉም የሚያጥርበት ሰዓት አለ። እሱ የፀሐይ እኩለ ቀን ነው። አጭሩን ጥላ በዓይን መለየት ግን ያስቸግራል። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ዘዴ አመጣ። ጥላው ከእኩለ ቀን በፊትና በኋላ እኩል ርዝመት የሚኖረውን ሁለት ሰዓት እንመዝግብ፣ ከዚያ መሀሉን እንውሰድ አለ። ሠራ።

እኔ ደግሞ አስቀድሜ አፌን ከፍቼ ነበር። “አጭሩ ጥላ ልክ 6 ሰዓት ላይ ነው የሚወድቀው” ብያለሁ። ጥቅምት 22 የመጀመሪያውን ልኬት ስንወስድ 6:05 ሆነ። ጥላው 48 ሳንቲ ሜትር። አምስት ደቂቃ ምን አላት ብዬ አለፍኩ። ታኅሣሥ 12 ስንለካ 6:20 ሆነ። ልጆቹ ስልካቸውን ጠረጠሩ። የካቲት 7 ደግሞ 6:36! አሁን ስልኩን ትተው ቱንቢውን ጠረጠሩ። ቀጥሎ እኔን።

ያወጣችን አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ናት። ከቤቷ ግድግዳ ላይ የሰላት ሰዓት ሰሌዳ አንስታ መጣች። “ቲቸር፣ አባቴ ዙህር በ6 ሰዓት ገብቶ አያውቅም ይላል” አለች። ዙህር የሚገባው ፀሐይ ከአናት ስታዘነብል ነው። ሰሌዳውን ከእኛ ደብተር ጋር አስተያየነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ይቀድማል። የካቲት ላይ ይዘገያል። እኛ በፌሮና በጠመኔ የደረስንበት ነገር እነሱ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ኖሯል። ለዓመታት እኩለ ቀን ማለት 6 ሰዓት ነው እያልኩ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አፈርኩ።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ቀላል ነው። የአገራችን ሰዓት የተቃኘው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። እሱ የሚያልፈው በኦጋዴን በኩል ነው። ደሴ ያለችው 39.6 ዲግሪ ላይ ነው። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትሽከረከራለች፣ አንዷን ዲግሪ በ4 ደቂቃ ማለት ነው። ስለዚህ ፀሐይ ኦጋዴን አናት ላይ ከደረሰች በኋላ ደሴ ለመድረስ 21 ደቂቃ ያህል ይቀራታል። በሌላ አነጋገር በአማካይ የእኛ እኩለ ቀን 6:21 ነው።

ሁለተኛው ከብዶን ነበር። አማካዩ 6:21 ከሆነ፣ አንዴ 6:05 አንዴ 6:36 የሚያደርገው ምንድን ነው? ግቢ ወጥተን ሠራነው። የባንዲራው ምሰሶ ፀሐይ ሆነ። አንድ ልጅ ምድር ሆነና ራሱን እያዞረ ምሰሶውን መዞር ጀመረ። አንድ ሙሉ ዙር ሲጨርስ ፊቱ ወደ ምሰሶው አልነበረም። ሲሽከረከር ወደፊትም ተራምዷልና ምሰሶውን ፊት ለፊት ለማየት ትንሽ መጨመር ነበረበት። ምድርም እንደዚያው ናት። አንድ ሙሉ ዙር የምትሽከረከረው በ24 ሰዓት አይደለም፣ በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሴኮንድ ነው። ቀሪዋ 4 ደቂቃ ገደማ በምህዋሯ ላይ ወደፊት ስለሄደች የምትጨመር ናት።

ያቺ ጭማሪ ታዲያ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለችም። የምድር ምህዋር ድፍን ክብ አይደለም። በታኅሣሥ መጨረሻ ምድር ለፀሐይ ትቀርባለች፣ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል። ያኔ ትፈጥናለች፣ በሴኮንድ 30.3 ኪሎ ሜትር። በሰኔ መጨረሻ ወደ 152 ሚሊዮን ትርቃለች። ፍጥነቷም ወደ 29.3 ይወርዳል። በዚህ ላይ የዛቢያዋ ማጋደል አለ፣ 23.4 ዲግሪ። ሁለቱ ተደምረው ፀሐይን አንዴ ያስቀድሟታል፣ አንዴ ያስዘገዩዋታል። የእጅ ሰዓታችን ይህን አያውቅም፣ አማካዩን ይዞ ይጓዛል።

ከላይ ያሉት ቁጥሮች ክበቡ ውስጥ የዓመቱን ትልቅ ክርክር አስነሡ። የክረምት ብርድ የሚመጣው ምድር ከፀሐይ ስለምትርቅ ነው የሚሉ ብዙ ነበሩ። እንዲያውም ቁጥሩ ደገፋቸው! ምድር ከሁሉም የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ ነው። ደሴም ያኔ ጭጋግና ዝናብ ናት። “አየህ ቲቸር!” አሉኝ። የተሳሳተ ሐሳብ ትክክለኛ ቁጥር ሲደግፈው ለመምህር ከባድ ነው። ሁለት ሳምንት ዝም ብዬ ተውኳቸው።

የመለሰላቸው ከገጠር የመጣ ልጅ ነው። “ውርጭ እህል የሚመታው እኮ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው” አለ። ጸጥ አሉ። ምድር ለፀሐይ በምትቀርብበት ሰሞን ነው ሌሊቱ የሚቆረጥመን። የክረምቱ ብርድ የደመናና የዝናብ ነው፣ ከደመናው በላይማ ፀሐይ አናታችን አጠገብ ናት። ወቅትን የሚያመጣው ማጋደሉ ነው እንጂ ርቀቱ አይደለም። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ማጋደሉ ብዙ አያንገላታንም። ደሴ ላይ ቀኑ በታኅሣሥ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ በሰኔ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ። ፀሐይ ስትወጣ ከአንድ ብሎ የሚቆጥረው ሰዓታችንም ያዋጣን ለዚህ ይመስለኛል። ከክበባችን ልጆች አንዱ ዲያቆን ነው። ስንክሳር ወር ሲገባ የቀኑን ሰዓት ብዛት እንደሚናገር፣ መስከረም 12 ሰዓት ብሎ ከዚያ ይቀንሳል እንደሚል ነገረን። የሰላቱ ሰሌዳና ስንክሳሩ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተነሡ። ወሎ አይደል!

የፍጥነቱን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ። በደሴ ኬክሮስ ምድር በሰዓት 1,640 ኪሎ ሜትር ያህል እየተሽከረከረች ነው። ከኮምቦልቻ የሚመላለስ አንድ ልጅ “ታዲያ ለምን እሳፈራለሁ? ልዝለልና ኮምቦልቻ ልረፍ” አለ። ጓደኛው ቀበል አድርጎ “ምድር ወደ ምሥራቅ ነው የምትሄደው፣ ብትዘል የምታርፈው ጦሳ ላይ ነው” አለው። ለማንኛውም ሚኒባስ ውስጥ ሳንቲም ወደ ላይ እየወረወሩ እንዲፈትሹ የቤት ሥራ ሰጠሁ። ሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ሳንቲሙ የሰው ጭን ላይ ወደቀ። ወያላውም “ሒሳብ ነው ወይስ ጨዋታ?” ብሏል አሉ። ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ሲደርሱ ግን መኪናው እየሄደም ሳንቲሙ መዳፋቸው ላይ ተመለሰ። ሳንቲሙም ሰውየውም መኪናውም እኩል እየሄዱ ነዋ። ምድርም እኛንም አየሩንም ይዛ፣ ሳታንገጫግጭ ትሄዳለች። በፀሐይ ዙሪያ ያለው ጉዞዋማ ሌላ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ያለውን መንገድ በአንድ ሴኮንድ ጨርሳ ታልፋለች።

መጋቢት 11 ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት ሰሞን ነው። ፀሐይ በምድር ወገብ አናት ላይ ትውላለች። አዲስ አበባ የሚያስተምር የድሮ ጓደኛዬን በስልክ አስተባብሬ በዚያው ቀን አንድ ሜትር ዘንግ አቆመልኝ። ሐሙስ ነበር። ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጥመው ነበርና ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ የቆምነው በሙሉ ጾመኞች ነን። የእኛ ጥላ 20 ሳንቲ ሜትር፣ የእሱ 16። ማዕዘኑ ሲሰላ ልዩነቱ 2.2 ዲግሪ ሆነ። ከ2,200 ዓመት በፊት ኤራቶስቴነስ የተባለ ግሪካዊ ሊቅ ግብፅ ውስጥ የምድርን ዙሪያ ያሰላው በዚህ ዓይነት ዘዴ ነው። ልጆቹ የመኪናውን መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ብለው አስገቡ። የምድር ዙሪያ 65,000 ኪሎ ሜትር ወጣ። ምድር በአንድ ቀን አበጠች። ስህተቱን እስኪያገኙ አልነገርኳቸውም። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ሽቅብ ቁልቁል ይላል፣ ሁለቱ ከተሞችም በአንድ ኬንትሮስ ላይ አይደሉም። የሚያስፈልገን ቀጥታ ወደ ሰሜን ያለው ርቀት ብቻ ነው። ካርታ ላይ በማስመሪያ ለክተው 235 አገኙ። መልሱ 38,000 ገደማ መጣ። ትክክለኛው በዋልታዎቹ በኩል 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፌሮ፣ በጾም አፍ፣ ምን ይፈለጋል?

ያልተሳካልንንም ልጻፍ። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ፎኮ በ1851 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ በ67 ሜትር ሽቦ ከባድ ኳስ አንጠልጥሎ የምድርን መሽከርከር ለሕዝብ አሳይቷል። እኛ አዳራሹ ጣሪያ ላይ ድንጋይ በገመድ አንጠለጠልን። ደሴ ላይ የውዝዋዜው አቅጣጫ የሚዞረው በሰዓት 3 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ነው። የእኛ ድንጋይ ከግማሽ ሰዓት በፊት ቆመ። ገመዱም ራሱ ተጠማዘዘ። ተሸንፈናል።

አሁን ወደ ሚያዝያ 11 ልምጣ። ታኅሣሥ 12 ጥላው 69 ሳንቲ ሜትር ነበር፣ የዓመቱ ረጅሙ። ከዚያ በየሳምንቱ እያጠረ መጣ። ልጆቹ ግራፍ ሠርተው መቼ ዜሮ እንደሚሆን ገመቱ። ሚያዝያ 11 አሉ። ፀሐይ በቀጥታ በደሴ አናት ላይ የምታልፍበት ቀን ነው። ቀኑን ስናየው ቀዳም ሥዑር ሆነ። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ግማሹ ልጅ ከስቅለት ስግደት በኋላ ጉልበቱን ይዞ ተኝቷል። ማንም አይመጣም ብዬ ነበር። ጥበቃው በሩን ሲከፍቱልኝ 11 ልጆች ቆመው አገኘሁ። ክርስቲያኖቹ ቄጠማ ራሳቸው ላይ አስረዋል። ሙስሊሞቹ “አብሽር ቲቸር፣ እኛ በልተናል፣ እኛ እንለካለን” አሉኝ።

6:10 ላይ የበልግ ደመና መጣ። 6:15 ሙሉ በሙሉ ሸፈነ። አንዷ ልጅ ልታለቅስ ደረሰች። ለካ አንድ ደመና ስድስት ወር ሊበላ ይችላል። 6:19 ላይ ከጦሳ በኩል ተቀደደ። ፌሮው ጥላ የለውም። ከሥሩ ጣሳው ላይ ዙሪያውን ብናይ ምንም። እኛም እግራችን ሥር የምትወድቅ ትንሽ ጥላ ብቻ ይዘን ቆምን። አንዱ ልጅ እየዘለለ ጥላውን ይፈልግ ነበር። 6:24 ላይ በስተ ምሥራቅ የጣት ውፍረት የምታህል ጥላ ብቅ አለች። አበቃ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ማንም አልጠበቀም። ግንቦት 8 ስንለካ ጥላው 14 ሳንቲ ሜትር ነበር፣ ግን ወደ ደቡብ! ስድስት ወር ሙሉ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሲያመለክት የኖረ ጥላ ወደ ሽንት ቤቱ ዞረ። ፀሐይ ደሴን አልፋ ወደ ሰሜን ሄዳለች። ይህን ደግሞ ምድር አጋድላ በፀሐይ ዙሪያ ባትዞር አናየውም ነበር። ሰኔ 14 ከፍተኛው ይሆናል፣ ግራፉ 22 ሳንቲ ሜትር ይላል። ይህ ዘገባ የሚወጣበት መጽሔት ማተሚያ ቤት የሚገባው ከዚያ በፊት ስለሆነ ውጤቱን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንለጥፋለን። ለከርሞ የምንጠይቀው አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ነው፣ ጣሳው ተሰንጥቋል።

አንድ ማስታወቂያ ቀርቷል። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 እሑድ ማታ ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ አለ። 1:27 ላይ የምድር ጥላ ጨረቃዋን መንካት ይጀምራል። ከ2:30 እስከ 3:52 ሙሉ በሙሉ ጥላው ውስጥ ትቆያለች። ደመናው ከፈቀደ በአዝዋ በኩል ትታያለች። ጥበቃውን አነጋግረናል፣ በሩ ክፍት ይሆናል። ጋቢ ይዛችሁ ኑ።