ባስኩላው ለቆራሌው ከመሄዱ በፊት
ግልጽ ደብዳቤ ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ ባሕር ዳር

ክቡራን፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ቤቴ ውስጥ አንድ አሮጌ ባስኩላ አለ። ሳሎን መግቢያው ላይ፣ ከጫማ መደርደሪያው አጠገብ። የመጣ እንግዳ ሁሉ ይደናቀፍበታል። ባለቤቴ "ይኼን ብረት ለቆራሌው ስጠውና እንገላገል" ማለት ከጀመረች ቆይታለች። እስካሁን እምቢ ብያለሁ። አባቴ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ጫኝና አውራጅ በነበረበት ዘመን ሰው ይመዘንበት የነበረ ነው።

አዎ፣ ሰው። በትንንሾቹ አውሮፕላኖች የሚሄድ መንገደኛ ከነጓዙ ይመዘን ነበር። የዘጌ ነጋዴ ከነቡና ጆንያው ይወጣበታል። የኔታ ከነመጽሐፍ ማኅደራቸው ይወጡበታል። ሴቶች ኪሏቸው ጮክ ተብሎ ሲጠራ ያፍሩ ነበር ይለን ነበር አባቴ። አንዷማ "ቀስ ብለህ ጥራው፣ አማቴ እዚህ አለች" ብላዋለች አሉ። የብረቱ ሰሌዳ መሐሉ ላይ ቀለሙ ለቆ ይብረቀረቃል። በእግር ብዛት ነው።

የምጽፍላችሁ ስለዚህ ባስኩላና ሰው ይመዘንላት ስለነበረችው አውሮፕላን፣ ስለ ዳኮታ ነው።

አገሬው ዳኮታ የሚላት ዲሲ-3ን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ሥራ የጀመረው በእሷ ወንድም ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተረፉ የአሜሪካ ጦር ሲ-47 አውሮፕላኖች። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ካይሮ ደረሱ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ በየበዓሉ ይነገራል። የማይነገረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እነዚያው አውሮፕላኖች ጄት ሲመጣ ጡረታ አልወጡም። ወደ ገጠር ወረዱ። ደብረ ማርቆስ፣ ሞጣ፣ ደብረ ታቦር፣ እኛ ጋ ባሕር ዳር። ሣር ሜዳ ላይ ያርፉ ነበር።

ዳኮታ መሬት ላይ ስትቆም አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ነው፤ ጭራዋ ሥር ያለችው ጎማ ትንሽ ናትና ወደ ኋላ ተቀምጣ ነው የምትቆመው። በሩ ከኋላ ነው። ስለዚህ ገብተህ ወደ ፊት ስትሄድ ዳገት ትወጣለህ። አባቴ ጆንያ ተሸክሞ ያንን ዳገት በቀን ስንት ጊዜ እንደወጣው እሱና ወገቡ ያውቃሉ። በደንብ ያልታሰረ ጭነት ተንሸራቶ ጭራው ጋ ይከመራል። በጭነት በረራ ጊዜ መንገደኛው በጎንና በጎን በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ መሐሉ ላይ ዕቃው ይታሰራል። የማያውቁት ሰው ጉልበት ከጉልበትህ፣ መሐላችሁ የቅቤ ቅል። አባቴ ማታ ቤት ሲገባ ቅቤና ቤንዚን ይሸት ነበር።

ሞጣ ላይ ደግሞ አውሮፕላኗ ከመድረሷ በፊት እረኞች ከብቱን ከሜዳው ያባርራሉ። በሬ ካልወጣ አብራሪው አንድ ዙር ይዞራል። ክረምት ላይ ሜዳው ጭቃ ሲሆን በረራ ይቀራል፣ በሽተኛም በቃሬዛ ይቀራል። ደግ ደጉን ብቻ አላወራም።

ከዳኮታ በኋላ ትዊን ኦተር መጣች፣ ኤቲአር መጣች፣ ፎከር 50 መጣች። አሁን ባሕር ዳር የምናያት ፕሮፔለሯ ባለ ስድስት ምላስ የሆነው ኪው-400 ናት፤ በ2002 ዓ.ም. ነው መግባት የጀመረችው። አስፋልቱም ገፋ። ሞጣና ደብረ ታቦር ዛሬ በአውቶቡስ ነው የሚኬደው። የሚገርመው ግን የአየር ማረፊያቸው ባለ ሦስት ፊደል መለያ በዓለም መዝገብ ላይ እንዳለ ነው። ደብረ ታቦር ዲ-ቢ-ቲ፣ ሞጣ ኦ-ቲ-ኤ። መሥመሩ ሞቶ መለያው ቀረ።

ሰሞኑን ስለ ምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ ሳነብ ነው ይህ ነገር የቆጨኝ። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በጋራ የያዙት ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 በረራ ጀመረ፣ ልክ በእኛው ዓመት። ሦስቱ መንግሥታት በዕዳና በክፍያ ተጣሉና እ.ኤ.አ. በ1977 ፈረሰ። ቦሌ ላይ የደረሰበትን አደጋ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ፤ ሚያዝያ 10 ቀን 1964 ዓ.ም. ቪሲ-10 አውሮፕላኑ ለመነሣት ሲያኮበኩብ ተከሰከሰና 43 ሰው አለቀ። ያ ድርጅት ከሞተ ይኸው ስንት ዘመኑ፣ ግን ታሪኩን የሚጽፍ፣ ፎቶውን የሚሰበስብ ሰው አላጣም። ድርጅት ሲሞት ለቅሶ የሚቀመጥለት አለ። የእኛ አየር መንገድ ደግሞ እግዜር ይመስገን አልሞተም፣ አደገ። የሞቱት ትንንሾቹ መሥመሮች ናቸው። እናትየው በሕይወት ስላለች ለልጆቹ ድንኳን የጣለ የለም።

አንድ ሌላ ቀን አለ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም.። ያኔ ልጅ ነበርኩ። ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣ ቦይንግ 737 ገና ከመሬት ሲለቅ የርግብ መንጋ ገባበት። ሁለቱም ሞተሮች ርግብ ዋጡ። አብራሪዎቹ ሊመልሱት ዞሩ፣ ሞተሮቹ ግን አንዱም አልዘለቀም። ጎማ ሳይዘረጋ በሆዱ ሜዳ ላይ ወረደና ተቃጠለ። ከ104 ሰው 35ቱ ሞቱ። 69ኙ ተረፉ፣ የበረራ ሠራተኞቹ በሙሉ ጭምር። የዓለም አቪዬሽን ሰዎች ስለ ወፍ ግጭት ሲያወሩ የባሕር ዳርን ስም የሚያነሡት በዚህ ነው። አባቴ የዚያን ቀን ጠዋት ሻንጣ ጭኖ ነበር። ስለ ዳኮታ ሌሊቱን ሙሉ የሚያወራ ሰው፣ ስለዚያ ጠዋት እስኪሞት ድረስ አንድ ቃል አልወጣውም። እኛም ጠይቀነው አናውቅም።

አባቴ ካረፈ በኋላ ከባስኩላው ጋር አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ተረከብኩ። የጭነት ወረቀቶች፣ ጀርባቸው ቀይ ካርቦን የሆነ የቲኬት ቅሪቶች፣ ሁለት ፎቶ። ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ልጁ ሣጥኑን ከፈተ፣ ዘጋ፣ "ጋሼ፣ ይኼ ምን ይሆናል?" አለኝ። "ቅርስ ነው" አልኩት። "ቅርስማ ብራና ነው" አለኝ። አልፈረድኩበትም። ጣና ላይ ተወልዶ፣ ደቅን፣ ዘጌን፣ ክብራንን እያየ ያደገ ሰው ዓይኑ ብራና ላይ ቢለምድ አይገርምም። 37 ደሴት በተባለበት ሐይቅ ዳር የአምሳ ዓመት ወረቀት ገና ሕፃን ነው።

ግን ብራናውን ያቆዩልን መነኮሳትም እሱ ራሱ ገና ሕፃን ሳለ ነው አደራ የያዙት።

ስለዚህ የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። ከአየር መንገዱና ከኤርፖርቱ ሰዎች ጋር ተነጋገሩና የባሕር ዳር መንገደኛ በሚቀመጥበት አዳራሽ አንድ ግድግዳ አስፈቅዱልን። ሞጣና ደብረ ታቦር፣ የሣር ሜዳውና እረኞቹ፣ ዳገቷ ዳኮታ ይቀመጡበት። የመስከረም 5ቶቹ 35 ሰዎችም እዚያው። መንገደኛ ይፈራል የምትሉ ከሆነ ለእነሱ ሌላ ጥግ ፈልጉላቸው፣ ብቻ ይኑራቸው።

ከግድግዳው በፊት ግን አንድ ድምፅ መቅጃ የያዘ ልጅ ላኩ። ሜዳ ያጸዱ፣ ቲኬት የቆረጡ፣ የጫኑ ሰዎች ዛሬም ከተማው ውስጥ አሉ። ሁለቱን እኔ አውቃለሁ፤ አንደኛው ጆሯቸው ደክሟል፣ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ይሁን። ግድግዳው ለከርሞ ቢደርስ ይደርሳል፣ እሳቸው ግን ሰማንያን አልፈዋል።

ሣጥኑን በነፃ እሰጣለሁ። ባስኩላውንም ጭምር፣ ባለቤቴ ትመርቃችኋለች። ስትመጡ ቡና እናፈላለን። ለባስኩላው ግን ሁለት ጎበዝ ላኩ፤ እኔና ልጄ ምንጣፍ ስናነጥፍ ልናነሣው ሞክረን አቅቶናል።

አክባሪያችሁ፣
የጫኙ ልጅ
ባሕር ዳር